በስልክ ያልተነገረ ሞት

ባለፈው ዓመት፣ በረዶው ቀልጦ ሣሩ ገና ብቅ ብቅ ሲል፣ ዴንቨር ዳርቻ፣ ሴንቴኒያል፣ ደምሴ ቤት ሄጄ በሩን ገፋ ሳደርገው የጫማ ቀለም ሽታ ተቀበለኝ። ጥቁሩ፣ በክብ ቆርቆሮ የሚሸጠው። ሰውዬው የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ወረቀት ምንጣፉ ላይ አንጥፎ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ጫማውን በጨርቅ ይወለውላል። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ከራባት ሳይቀር። «ምነው፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አልኩት። «ኖተሪ ልንሄድ አይደል እንዴ፣ እትዬ ብርቄ!» አለኝ። ኖተሪ የሚላት እኮ ከዕቃ መላኪያ ሱቅ ባንኮኒ ኋላ ቆማ፣ ማስቲካ እያኘከች፣ ፊርማ አረጋግጣ ማህተም የምትመታ ልጅ ናት! ለእሷ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ሽር ጉድ። በሳቅ ልሞት። ከዚያ ሽታው እንደገና መጣና ሳቄን አቋረጠው። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። የዛሬ አርባ ዓመት፣ ትንሽም ፈቀቅ ሊል ይችላል፣ ዓመት መቁጠር ከተውኩ ቆይቻለሁ፣ ይኸው ሰው፣ ይኸው ቀለም፣ ካፒቶል ሂል ሰፈር በነበረው ቤቴ ወለል ላይ ነበሩ። ያን ቀንም እንዲህ የሚያስለብስ ነገር አልነበረም።

የካፒቶል ሂሉ ቤት ከኮልፋክስ ጎዳና አንድ ብሎክ ገባ ብሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። አንድ መኝታ ቤት ለአምስት ሴት! ኪራዩ ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን የሚደርሰው ዛሬ ለአንድ ሰው ምሳ አይበቃም፤ ያኔ ግን እሱንም ለማግኘት የስንት ሆቴል አልጋ ማንጠፍ ነበረብኝ። አንድ ደህና ካፖርት ነበረችን፣ ቡኒ፣ ትልልቅ ቁልፍ ያላት፣ ከልባሽ ጨርቅ ሱቅ የተገዛች። የጠዋት ሥራ ያላት ለብሳት ትወጣና፣ ስትመለስ ደረጃው ላይ አውልቃ ለባለ ከሰዓቷ ታስረክባለች። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶብስ ሹፌር እኮ አንድ ሴት ነን ብሎ ሳያስብ አይቀርም፤ «ዛሬ ደግሞ ተመለስሽ?» ይለን ነበር። ካሴትም አንድ ነበረች። ቴፑ ሲበላት ክሯን በእርሳስ እናጠነጥናለን፤ በዚያ ምክንያት መሃል ላይ ያለው ዘፈን ሁልጊዜ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። ዛሬ ልጆቹ ስልካቸው ላይ የፈለጉትን ይሰማሉ፤ እኔ ግን ያ ዘፈን በጤነኛ ድምፅ ሲመጣብኝ ሌላ ሰው የዘፈነው ይመስለኛል።

ደምሴ ታች ከወንዶቹ ጋር ነበር የሚኖረው። ከሁላችንም ትንሹ ነው፤ እኔ እትዬው ነኝ። አንድ ቀን ከእንጀራችን ቀና ብሎ «ወታደር ቤት ልገባ ነው፤ ትምህርት ያስተምሩኛል» አለ። ጉድ! የአሜሪካ ወታደር! መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎን ነበር። ሥልጠናውን ጨርሶ፣ ከዴንቨር በስተደቡብ ወዳለ ካምፕ ተመድቦ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒፎርሙን ለብሶ ሲመጣ ኮልፋክስን ከላይ እስከ ታች አብሬው ሄድኩ። ወክ ነው ብዬ ነው እንጂ ልታይ ነበር። ተራ በተራ ቆቡን ሞከርነው። ጋሼ ወልዴ፣ መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ የነበሩት፣ የሁላችንም ሽማግሌ፣ ዳኛ፣ አባት፣ ደምሴ ሲገባ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ኧረ በእግዜር፣ ይቀመጡ!» ሲላቸው «ለልብሱ ነው የተነሳሁት፤ አንተማ ያው ደምሴ ነህ» አሉት። እንዴት እንደኮራ! በየሁለት ሳምንቱ ፓስ፣ የመውጫ ፈቃድ፣ እያገኘ ይመጣና ዓርብ ማታ ቤታችን ይሞላል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ለእኔ የተጻፈ ደብዳቤ አገኘሁ። ከደምሴ አጎት ነው። ደረጃው ላይ ቆሜ ከፈትኩት። «እህቴ ብርቅነሽ፣ እናቱ አርፋለች። አደራሽን፣ በስልክ እንዳትነግሪው፤ ብቻውን እንዳይሰማው። ሰው ሰብስባችሁ፣ በጠዋት፣ ይዛችሁ አርዱት» ይላል። አጎትየው ባይነግረኝ ኖሮም የማደርገው ይህንኑ ነበር። ሞት በእኛ ዘንድ መርዶ ነው፤ መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ጎረምሳ በግራ በቀኝ ቆሞ፣ ሲነጋጋ ነው የሚነገረው። እስከዚያ የተባለው ሁሉ ውሸት አይባልም። ጋሼ ወልዴ ጋ ሄድኩ፤ አነበቡና «ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፤ አንቺ በዘዴ ጥሪው» አሉ።

ጠራሁት። የካምፑ ስልክ ኮሪደር ላይ ነበር። «ደምሴ፣ ለቅዳሜ ፓስ ጠይቅ። ሽምግልና አለ፤ አንተም አለህበት» አልኩት። «በሃያ ሦስት ዓመቴ ሽማግሌ!» ብሎ ሳቀ። «ለማን ነው?» «ስትመጣ ትደርስበታለህ።» ከዚያ «አገር ቤት ደህና ናቸው?» አለኝ። «ደህና ናቸው፤ ምን ይሆናሉ!» አልኩት። ይህ አፌ!

ዓርብ ዕለት ሙሉ ልብሱን ክንዱ ላይ አድርጎ መጣ። ጋዜጣ ወለሉ ላይ አነጠፈና ጫማውን ይወለውል ጀመር፤ ቀለሙ ቤቱን ሞላው። «እትዬ፣ ሽማግሌ ሲናገር ቆሞ ነው ተቀምጦ?» ይለኛል። መስታወት ፊት ሄዶ «ልጃችሁን ለልጃችን…» እያለ ይለማመዳል። እኔ ማጀት ገብቼ የሻሼን ጫፍ ነክሼ አለቅሳለሁ። ሲነጋጋ ጋሼ ወልዴ ከሰባት ወንዶች ጋር መጡ፤ ሁሉም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። በሩን የከፈተው እሱ ነው፤ ከራባቱን አስሮ፣ እየሳቀ። «ሙሽራውስ?» አለ። አንዱም አልሳቀም። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። ጋሼ ወልዴ አፋቸውን ሳይከፍቱ አወቀ። አራት ሰው ነው የያዘው። የሚያብረቀርቅ ጫማው ወለሉን ሲደበድብ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

እሁድ ማታ ካምፕ መመለስ ነበረበት። እሁድ ቀትር ላይ፣ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠ፣ ድምፁ በለቅሶ ተዘግቶ «ካምፕ መደወል አለብኝ» አለኝ። «አንተ አልቅስ፤ እኔ እደውላለሁ» አልኩት፤ ከሁሉም ይልቅ እንግሊዝኛ እችላለሁ ባይ እኔ ነበርኩ። ታች ወርጄ የሕዝብ ስልኩ ውስጥ ሳንቲም ጨመርኩ። አንድ ልጅ እግር ድምፅ «ሄሎ» አለ። ሞታለች ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አፌ እምቢ አለ። ለማላውቀው ልጅ፣ ኮሪደር ላይ ብቻውን ለቆመ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሞት እንዴት አድርጌ ልንገረው? ማን ይዞት? «የደምሴ እናት… ትንሽ አሟቸዋል» አልኩት። «መቼ ይመለሳል?» አለ። «ሲሻላቸው» አልኩ። ሲሻላቸው! የተቀበረች ሴት! ስልኩን ዘግቼ ወጣሁና «ነግሬያቸዋለሁ፤ አይዞህ፤ አርባዋ ሳይወጣ ንቅንቅ እንዳትል» አልኩት። አመነኝ። አርባው እስኪወጣ ከእኛ ጋር ተቀመጠ።

ከዚያ ወደ ካምፑ ተመለሰ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አንድ ሻንጣ ይዞ መጣና «ጨረስኩ» አለ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። እኛም ጊዜውን ጨርሶ ነው ብለን እሰይ አልን። ጋሼ ወልዴ ብቻ ዓይኑን አይተው እሰይ አላሉም። ደምሴ ታክሲ ነዳ፣ መጋዘን ሠራ፣ አገባ፣ ሊያን ወለደ፤ እኔም እንግልውድ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ገብቼ እዚያው አረጀሁ። አንድ ነገር ግን አብሮት ቀረ፦ ስልክ ስደውልለት ሄሎ አይልም። «ማን ሞተ?» ነው የሚለው። «አንተ ምላስህ ይቆረጥ!» እለዋለሁ፤ እንስቃለን። አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ሳቅን። ከሳቁ ሥር ያለውን እኔ አላውቅ።

ነገሩ የተነሳው የሊያ ልጅ ትምህርት ቤት ባዘጋጀው ፕሮግራም ነው። እኔም ነበርኩ። አስተማሪዋ «ወታደር የነበራችሁ አያቶች፣ እስቲ ብድግ በሉና እናጨብጭብላችሁ» አለች። ሕፃኑ ዞር ብሎ አያቱን በጉጉት አየው። ደምሴ አልተነሳም። ጉልበቱን ያዘና «ያመኛል» አለ። መኪና ውስጥ ሊያ ስታፋጥጠው ነው የተናዘዘው፦ ስንብቱ የክብር አይደለም። ያለ ፈቃድ ቀርተሃል ተብሎ፣ ወይ ፍርድ ቤት ወይ ፊርማ ሲሉት ፈርሞ ወጣ። ለዚህ ነው ጉልበቱን የወታደሮቹ ሆስፒታል ሄዶ የማይታየው። ሲሞትም ባንዲራ የሚያለብሰው የለም። «ባንዲራው ይቅርብኝ፤ ልጁ ግን አየኝ» አለ።

ሊያ እዚህ የተወለደች ናት፤ እርስዎ የሚባል ነገር አታውቅም፣ አማርኛዋም ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ ግን ከያዘች አትለቅም። የወታደር መዝገብ የሚያርም ቦርድ እንዳለ አጣርታ፣ ነፃ የምታገለግል ጠበቃ ፈልጋ፣ የአባቷን ፋይል አስመጣች። አውሮራ እኔ ቤት ምሳ በልተን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከፈተችው። ትገልጣለች፣ ትገልጣለች… «ኦ ማይ ጋድ፣ ዳድ! አንዲት ሴት ኮል አድርጋ ነበር። እናቱ ትንሽ አሟቸዋል፣ ሲሻላቸው ይመለሳል ብላለች። ሁ ኢዝ ሺ?» ቀጣዩን ገጽ አነበበች። ወታደሩ እናቴ ሞታ ነው ይላል፤ ይህ አስቀድሞ በስልክ ከተነገረው ጋር አይገጥምም፤ ቃሉ የሚታመን አይደለም ይላል።

ክው አልኩ። ደምሴ ሳህኑን ነው የሚያየው። «አንተ… ታውቅ ነበር?» አልኩት። «ያኔውኑ አንብበውልኛል» አለኝ። «ታዲያ እሷ ናት የዋሸችው አትልም ነበር? አምጥታችሁ ጠይቋት አትልም ነበር?» ቀና ብሎ አየኝና «እትዬ፣ አንቺ የመኖሪያ ወረቀትሽን እየጠበቅሽ ነበር። ለወታደር ቤት ዋሸች ብለው ቢከለክሉሽስ? እኔ ልጅ ነኝ፣ ሌላ ሥራ አላጣም ብዬ ፈረምኩ» አለኝ። አርባ ዓመት! ወረቀቴ የወጣ ቀን ትከሻው ተነቅሎ እስኪወጣ የጨፈረው እኮ እሱ ነው! እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሊያም አለቀሰች። እሱ ተነስቶ ውሃ ቀዳልኝ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! በማግስቱ ጠበቃዋ ፊት ተቀመጥኩ። ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ረጋ ያለች ፈረንጅ ናት። «ለምን ሞተች አላልሽም?» አለችኝ። «በስልክ?» አልኳት፤ እንደ ነውር። አልገባትም። መርዶን ከሀ እስከ ፐ አስረዳኋት፤ ሰው አሰባሰቡን፣ ጠዋቱን፣ አራቱን ያዦች። «ስለዚህ ዋሽተሻል» አለች። «ውሸት አይደለም፤ ጊዜው አልደረሰም ነው» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ይህንን እንዳለ ጻፊው። ግን ማስረጃ ያስፈልገናል፤ እናቱ በዚያን ጊዜ መሞቷን የሚያሳይ ነገር አለ?» አለችኝ። ደብዳቤው! አጎትየው የጻፈው! አዎ፣ ግን የት አለ? ስንት ቤት ቀይሬ!

ሦስት ቀን ቤቴን ገለበጥኩት። ሻንጣ፣ ካርቶን፣ ጋራዥ፣ የማልከፍተው ቁም ሳጥን። በሦስተኛው ቀን ያቺን የድሮ ካሴታችንን ያስቀመጥኩበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈትኩ። ካሴቷ አለች፤ ከሥሯ ፖስታው ተጣጥፎ ተቀምጧል። ቴምብሩ አለ፤ የፖስታ ቤቱ ማህተም ከነቀኑ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ውስጡም «በስልክ እንዳትነግሪው» የሚለው ቃል አለ! እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤቴ በሩን አንኳክታ «አመመሽ እንዴ?» አለች። አቅፌ ሳምኳት፤ ምኑም አልገባት።

ደምሴ ግን አሻፈረኝ አለ። «የአንቺ ስም ውሸታም ተብሎ ዋሽንግተን ድረስ አይሄድም» አለ። «ይሂድ! በዚህ ዕድሜዬ ማን ሊያገባኝ ነው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይኸው ጠራ» አልኩት። ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። ከዚያ አንድ ቀን እኔው ደወልኩ። «ማን ሞተ?» አለ እንደ ልማዱ። «እኔ ልሞት ነው፤ ሳልፈርም ከሞትኩ ደግሞ ነፍሴ አትማርም!» ብዬ ጮህኩበት። ሳቀ፤ እሺ አለ።

ወደዚያ ወደ ጫማ ቀለሙ ቀን ልመለስ። እሱ በከራባቱ፣ እኔ በጥለት ቀሚሴ፣ ሱቁ ገባን። ሦስት ገጽ ነው የጻፍኩት፤ የመጨረሻው መስመር «የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ የተቀጣው እሱ ነው» ይላል። ፈረምኩ። ባለ ማስቲካዋ ልጅ ማህተሟን መታችና ደምሴን ከላይ እስከ ታች አይታ «ወታደር ነበሩ?» አለችው። ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቆመና «ገና እየታየ ነው» አላት።

ከዚያ ጥበቃ። በጋው አለፈ፣ በረዶው መጣ፣ ሄደ። በየሳምንቱ «አልመጣም?» እላለሁ፤ «ኧረ ተይኝ» ይለኛል። ባለፈው ማክሰኞ፣ ረፋዱ ላይ፣ ልብስ እያጠፍኩ ሳለ ሊያ ከሥራ ቦታዋ ደወለች። ትንፋሿ ተቆራርጧል። «እትዬ፣ ኢት ኬም! ሎየሯ ደወለች! አፕግሬድ አደረጉት! በክብር ነው የሚለው፣ በክብር!» የያዝኩት አንሶላ መሬት ወደቀ። ያቺን ሦስት ገጽ ጠቅሰው ነው የወሰኑት አለችኝ። ደግሞም ቀጠለች፦ «ግን እንዳትነግሪው። ሰርፕራይዝ እናድርገው። ቅዳሜ ሰው እንጥራና፣ አንቺ ደውለሽ የሆነ ነገር ብለሽ አምጪው፤ ቧንቧ ተበላሸብኝ በይው።»

እኔ? ደምሴን? በስልክ ዋሽቼ? ሁለተኛ? «ሊያዬ፣ አንቺን እወድሻለሁ፤ ይህንን ግን እንኳን ለቅዳሜ ለምሳ ሰዓትም አላሳድረውም» አልኩና ዘጋሁባት። ቸኩዬ ሁለቴ የተሳሳተ ቁጥር ነካሁ። በሦስተኛው አነሳው።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም! ደምሴ፣ ስማኝ፣ እውነቱን ነው የምነግርህ፤ ተስተካከለልህ! በክብር ብለውሃል! በክብር የተሰናበተ ወታደር ነህ!»

 እኔ እልል እላለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ እስቃለሁ፤ እሱ ዝም። «ደምሴ? ሰማኸኝ?» ሰምቶኛል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።  ከዚያ፣ ያኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ሳለ በነበረው የተዘጋ ድምፅ «እትዬ» አለኝ።

«አቤት!»

«በስልክ ነገርሽኝ እኮ።»

«አዎ፣ በስልክ ነገርኩህ!»

«ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። አሁን ማን ይያዘኝ?»

ቁልፌን አነሳሁ። መኪናዬን የት ፓርክ እንዳደረግኩ እንኳ ጠፍቶኛል። በነጠላ ጫማዬ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ «መጣሁ፣ እንዳትወድቅብኝ፣ መጣሁ» እያልኩ ወጣሁ።